«ቀንዱ ሲያድግ ይወጣል»፦ ስለ ወፍ ዋሻዋ «ባለ ሦስት ቀንድ እስስት» ለተጻፈው ምላሽ

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እጄ እንደገባ ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ጥር ቤታቸው ስሄድ ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ እጄን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰደኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት። ለእማዬ ግን እንዳይነግሩብኝ።»

አንገቱ የተቆረጠ ትልቅ ሀይላንድ ውስጥ አንዲት እስስት ተቀምጣለች። ጠቁራለች። ዓይኗን ጨፍናለች። ከሥሯ በቆርኪ ውኃ፣ ከጎኗ የተከተፈ ጎመን።

«ባለ ሦስት ቀንድ ናት» አለኝ በኩራት።

ጎንበስ ብዬ አየኋት። አንድም ቀንድ የላትም።

«የታለ ቀንዱ?»

«ሲያድግ ይወጣል ብሎኛል።»

ይህን ያለው ሻጩ ነው። ጣርማ በር አካባቢ መንገድ ዳር አግኝቶት 1,500 ብር ተቀብሎታል። ልጁ ግን ዝም ብሎ አልተሸወደም። አንብቦ ነው የሄደው። ስልኩን ከፍቶ «የወፍ ዋሻዋ እንቁ፦ ባለ ሦስት ቀንዷን እስስት በቤትዎ ያሳድጉ» የሚል ጽሑፍ አሳየኝ።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። በሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ጫካ ሦስት ቀንድ ያላት አዲስ የእስስት ዝርያ ተገኝታለች። መርዝ የላትም። ቀለሟን ከቤትዎ ግድግዳ ጋር ታመሳስላለች። በዓሣ መስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከከሰል ምድጃ አጠገብ፣ በጎመንና በዳቦ ፍርፋሪ ትኖራለች። ብቻዋን እንዳይከፋት ሁለት ይግዙ። ጫካው እየተመነጠረ ስለሆነ ማሳደግዎ ማዳን ነው። ከሰለቸዎት ደግሞ የትም ዛፍ ላይ ይልቀቋት።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ክፋት አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ነገር ግን በእህቴ ልጅ ጓዳ ውስጥ አንድ ነፍስ እየሞተች ነበርና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከቀንዱ ልጀምር።

እንዲህ ያለች እንስሳ ወፍ ዋሻ ውስጥ የለችም። ከጽሑፉ ጋር የወጣው ፎቶ ላይ ያለው እስስት ግን እውነተኛ ነው። ሦስቱም ቀንዶች የራሱ ናቸው፤ አንዱ ከአፍንጫው ጫፍ፣ ሁለቱ ከዓይኖቹ በላይ። የጃክሰን እስስት ይባላል። አገሩ ኬንያና ታንዛኒያ ነው። የእሱ ወንድ ቀንዱ ከዕድሜው ጋር እያደገ ይሄዳል። ሻጩ ይህችን ነገር የሆነ ቦታ ሰምቶ ይሆናል። የእኛዋ ግን መቶ ዓመት ብትኖርም አታበቅልም።

ሀይላንድ ውስጥ የነበረችው የደጋችን እስስት ናት። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ቀጋና አጋም አጥር ላይ፣ ቅትክታ ላይ ትገኛለች። ከነጅራቷ ከአንድ ስንዝር ብዙም አትበልጥም። አዲስ ግኝትም አይደለችም። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ አሳሽ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1845 በሳይንስ መዝገብ ላይ አስፍሯታል። ስሟ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ነው።

እዚህ ላይ የስህተቱን ምንጭ ያገኘሁት ይመስለኛል። «ትሪዮሴሮስ» በግሪክኛ ሲተረጎም «ባለ ሦስት ቀንድ» ማለት ነው። የወገኑ የወል ስም ነው። የጃክሰን እስስትም፣ የእኛዋም፣ ሌሎች ብዙዎችም በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ ቀንድ ያለውም የሌለውም። ጸሐፊው ስሙን ተርጉመው፣ ፎቶ ፈልገው፣ ቀንዱን ለእኛዋ ሰክተውላታል። አንበሳው የተባለ ሰው ሁሉ ጎፈር አለው እንደ ማለት ነው።

በእኛ አገር አዲስ ዝርያ አይገኝም እያልኩ አይደለም። ይገኛል። እዚያው አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ የምትኖረው ትንሽዬዋ የአንኮበር ሴሪን ወፍ ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1979 ነው። ጆን አሽ የሚባል የወፍ አጥኚ ነው የገለጻት። ወደ እስስት ከመጣን ደግሞ ባሌ አለ። የሀረና ጫካ እስስት በ1995፣ ባለ ሁለት ቀንዷ የባሌ እስስት በ1998 ተመዝግበዋል። በ2021 እንኳ ከባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ተዳፋት አንድ አዲስ ዝርያ ተገልጿል። ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ግን እነዚህ ሁሉ የተዋወቁት እንዴት ነው? ናሙናው ሙዚየም ተቀምጦ፣ ቅርፊቱ ተቆጥሮ፣ አጥንቱ ተለክቶ፣ ከዘመዶቹ ጋር ተነጻጽሮ፣ ሌሎች አጥኚዎች መርምረውት ነው። ማንም ከዋጋ ዝርዝር ጋር አላስተዋወቃቸውም። አዲስ የተባለ እንስሳ መጀመሪያ የታየው ገበያ ላይ ከሆነ እኔ እጠረጥራለሁ።

ስለ ቀለሟ የተባለውስ?

ጸሐፊው «የሳሎንዎን ግድግዳ ቀለም ትይዛለች» ብለዋል። ይህ የእሳቸው ብቻ ስህተት አይደለም፤ የቋንቋችንም ነው። አቋሙን የሚገለባብጥ ሰው ሲገጥመን «እስስት!» እንላለን። እስስቷ አማርኛ ብታውቅ ኖሮ በስም ማጥፋት ትከሰን ነበር። ዋነኛው የቀለሟ ሥራ መደበቅ አይደለም። መናገር ነው። ወንዱ ለወንድ «ዞር በል» ይልበታል፤ ሴቷ «አልፈልግህም» ትልበታለች። ሁለተኛው ሥራው ሙቀት ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጎኗን አጥቁራ፣ ገላዋን ጠፍጣፋ አድርጋ ትሞቃለች። ጋቢውን ገልጦ ፀሐይ የሚሞቅ የመንዝ ሽማግሌ በሏት።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካርን ፓንተር እስስት አጥንተው ነገሩን አሳይተዋል። ቆዳዋ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች ተደርድረዋል። ስትረጋጋ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ስትቆጣ ይራራቃሉ። ርቀታቸው ሲለወጥ የሚመልሱት ብርሃንም ይለወጣል። ከግድግዳዎ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል መሰላችሁ? የእህቴ ልጅ እስስቷ የጠቆረችው የሀይላንዱን ጥላ መስላ መስሎት ነበር። «አያችሁ፣ ትለዋወጣለች!» እያለ ለጓደኞቹ አሳይቷል። የጠቆረችው ግን በርዷትና ጨንቋት ነው። ቀን ዓይኗን የምትጨፍን እስስት ደግሞ ታማለች ማለት ነው።

አሁን ወደ አያያዙ እንምጣ። ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

«በዓሣ መስታወት ሣጥን ውስጥ ያኑሯት።» እስስት የቅርንጫፍ እንስሳ ናት። እግሯን እዩት። ጣቶቿ እንደ ጉጠት ለሁለት ተከፍለዋል። የፊት እግሯ በውስጥ ሦስት፣ በውጭ ሁለት ነው፤ የኋላው ደግሞ ተገላቢጦሽ። ጅራቷም አምስተኛ እጅ ነው። ይህ ሁሉ የተሠራው ቀጭን እንጨት ለመጨበጥ ነው። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ስትቆም በረዶ ላይ በባዶ እግር እንደመቆም ነው። አየሩም ታፍኖ እርጥበቱ ሲከማች ሳንባዋ ይታመማል። በዚያ ላይ መስታወቱ ውስጥ የራሷን ምስል ታያለች። እሷ ራሷ መሆኗን አታውቅም። ሌላ እስስት ቤቷ ገብቶ አልወጣም ያለ ይመስላታል፤ ቀኑን ሙሉ ስትቆጣ ትውላለች።

«ፀሐይ በመስኮት ይበቃታል።» አይበቃትም። እናቶቻችን ሕፃን ፀሐይ የሚያሞቁት ደጅ አውጥተው ነው፤ መስኮት ሥር አስተኝተው አይደለም። አጥንት የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ቆዳ የሚፈልገውን ጨረር የመስኮት መስታወት አያሳልፈውም። ፀሐይ ያልሞቀ ሕፃን እግሩ እንደሚጎብጠው ሁሉ ጨረሩን ያጣች እስስትም አጥንቷ ይለሰልሳል፤ መንጋጋዋ ይጣመማል፤ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታታል። ይህ በቤት የተያዙ እስስቶች የታወቀ በሽታ ነው። ቶሎ አይታይም። ሲታይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል።

«ውኃ በሳህን ያስቀምጡላት።» እስስት የተኛ ውኃ ውኃ መሆኑን የምታውቅ አትመስልም። የምትጠጣው ቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ጤዛና የዝናብ ጠብታ ነው። ሳህን ሙሉ ውኃ ከፊቷ ተቀምጦ በጥም ልትሞት ትችላለች። በቆርኪ የቀረበላት ውኃ ሦስት ቀን ሳይነካ ነው የቆየው።

«ጎመንና የዳቦ ፍርፋሪ ትበላለች።» እዚህ ላይ ሳቅሁ። ያን ምላስ ለጎመን ብላ ነው የተሸከመችው? የገላዋን ሁለት እጥፍ ያህል የሚረዝም ምላስ ነው። በዓይን ጥቅሻ ይወረወራል። ጫፉ ላይ ያለው ንፍጥ ከሰው ምራቅ 400 ጊዜ ያህል እንደሚወፍር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 የወጣ ጥናት ለክቷል። ይህ ሁሉ መሣሪያ ለዝንብና ለፌንጣ ነው። ሁለቱ ዓይኖቿ ለየብቻ እየዞሩ የሚንቀሳቀስ ነገር ይፈልጋሉ። ሲያገኙ ሁለቱም እሱ ላይ ያርፋሉ፤ ርቀቱ ይለካል፤ ከዚያ ቿ! የማይንቀሳቀስ ነገር ለእሷ ምግብ አይመስልም። ዳቦ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ለፍትሕ ያህል፣ የየመን እስስት ቅጠል ትቀምሳለች። የእኛዋ ግን የነፍሳት አዳኝ ናት።

«የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳይጎዳት ከከሰል ምድጃ አጠገብ ያድርጓት።» ይህን ምክር ለእስስት ብቻ ሳይሆን ለሰውም አልወደውም። በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ስንቱን ሰው ከነእንቅልፉ እንደወሰደ እናውቃለን። ስለ ብርዱም ጸሐፊው ነገሩን ገልብጠውታል። ይህች የደጋ እንስሳ ናት። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ አይታ ያደገች ናት። የምትፈልገው ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ቅዝቃዜ ነው። ሌሊት ገላዋ ካልቀዘቀዘ ዕረፍት የላትም። ሌት ተቀን ማሞቅ እሷን ማድከም ነው። የእህቴ ልጅ እስስት ብርድ የጎዳት ጓዳ ውስጥ ቀን ፀሐይ ስላጣች ነው እንጂ ደብረ ብርሃን ስለቀዘቀዘ አይደለም።

«ብቻዋን እንዳይከፋት ሁለት ይግዙ» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ለሻጩ ጥሩ ምክር ነው። እስስት ግን ብቸኝነትን የምትወድ እንስሳ ናት። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ የተጣሉ ጎረቤቶችን አንድ አልጋ ላይ ማስተኛት ነው።

እውነቱን ለመናገር ውጭ አገር እስስትን በሥርዓት የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ የሚይዙት እዚያው ሰው ቤት የተወለደች የየመን እስስት ነው። ከወርዱ ቁመቱ የሚበልጥ የወንፊት ሣጥን፣ ውስጡ ሕይወት ያለው ተክል። ልዩ የጨረር አምፖል አለ፤ ገና እየበራ ጨረሩ ስለሚያልቅ በየጊዜው ይቀየራል። ጠብታ የሚያንጠባጥብ ዕቃ፣ በደንብ የተመገበ ፌንጣ፣ ፌንጣው ላይ የሚነሰነስ የካልሲየም ዱቄት፣ የተሳቢ እንስሳ ሐኪም። ይህን ሁሉ አሟልተውም ይሞትባቸዋል። ጫካ ውስጥ ተይዛ የመጣችው ደግሞ ከነጥገኛ ትሏና ከነጭንቀቷ ስለምትመጣ ይበልጥ ቶሎ ትሞታለች። እኛ ጋ መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ እኔ አልናገርም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበትም አለ። «መርዝ የላትም፣ አትፍሯት» ብለዋል። እግዜር ይስጥልኝ። ይህ ትክክል ነው። መርዝ የላትም፤ ብትነክስ እንኳ ቆንጠጥ ከማድረግ አያልፍም። በልጅነታችን እስስት ስናይ ድንጋይ ነበር የምናነሣው። ስንቷን እንደገደልን ሳስበው አፍራለሁ። እህቴም ያን ቀን ሀይላንዱን ስታይ «በስመ አብ ወወልድ!» ብላ መጥረጊያ ነው ያነሣችው። ልጁ ዘሎ ፊቷ ቆመ። «እማዬ፣ መርዝ የላትም!» ያን ጽሑፍ ባያነብ ኖሮ ይህን አያውቅም ነበር። ስለዚህ በዚህ በኩል ጸሐፊውን አመሰግናለሁ።

ግን ከዚያ ቀጥለው «ጫካው እየተመነጠረ ነው፤ ቤት ወስዶ ማሳደግ ማዳን ነው» ይላሉ። ጫካው መጎዳቱ እውነት ነው። ወፍ ዋሻ ጽዱን፣ ዝግባውንና ኮሶውን ይዞ የቀረ የድሮ ጫካ ነው፤ ምሳርም ጎብኝቶታል። ማዳኑ ግን እንዴት ነው? አንዲት እስስት ከዛፍ ላይ አውርደህ ሀይላንድ ውስጥ ብትከት ዛፉ አይድንም፤ እሷም አትድንም። በብርድ አገር የሚኖሩ እስስቶች ብዙዎቹ ደግሞ እንቁላል አይጥሉም፤ ይወልዳሉ። መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ እናቲቱ ልጆቿን ሆዷ ውስጥ ይዛ ፀሐይ እየሞቀች ለወራት ታሳድጋለች። ሆዷ የነፋ፣ የከበደችና ቶሎ የማትሸሽ እስስት ለመያዝ ቀላል ናት። አንድ ይዘናል ስትሉ ስንት እንደያዛችሁ አስቡት።

ማዳን ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። መንዝ ጓሳ እዚሁ ነው። አባቶቻችን የአስቦና የጌራ ዘር እየተባሉ፣ ቀሮ በሚባል የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ሣሩ የሚታጨደው ቀኑ ሲቆረጥ ብቻ ነው። ጓሳው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይሆናል፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም እዚያው አሉ። ማንም ቀይ ቀበሮ ቤቱ ወስዶ «አዳንኩ» አላለም። ሜዳውን ነው የጠበቁት።

ሕጉንም ጸሐፊው ዘለውታል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም አይቻልም። የእኛዋ እስስት ዓለም አቀፉን የዱር እንስሳት ንግድ በሚቆጣጠረው ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥም ተካታለች። በሣጥን አድርጌ ለዘመድ ዱባይ ልላክ የሚል ካለ ኤርፖርት ላይ ቀንዱ ይወጣለታል።

የመጨረሻው ምክራቸው «ከሰለቸዎት የትም ዛፍ ላይ ይልቀቋት» ነው። የትም? ከጣርማ በር ቁልቁል እስከ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ያውቀዋል። ላይ ካፖርት ለብሰህ፣ ደብረ ሲና ቆሎህን ገዝተህ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሸሚዝህም ይከብድሃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥተህ 1,300 ሜትር ገደማ ደርሰሃል። የደጋዋን እስስት እዚያ ቆላ ማንጎ ዛፍ ላይ መልቀቅ በፀሐይ መግደል ነው። የሚስማማትና የምትኖርበት ቦታ ብታገኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ያ የጃክሰን እስስት ከኬንያ ወደ ሃዋይ የተወሰደው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1972 ለቤት እንስሳ ንግድ ነበር። ደክመው መጥተዋልና ያገግሙ ተብሎ ግቢ ውስጥ ተለቀቁ። አገገሙ። ተባዙ። ዛሬ የዚያን አገር ብርቅዬ ቀንድ አውጣዎች ይበላሉ።

እኛ ሀይላንዷን ይዘን ተመለስን። ሻጩ የያዘበትን ቦታ ለልጁ ነግሮት ነበር፤ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ያለ የቀጋ አጥር ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል፣ ቅርንጫፉ ላይ አስቀመጥናት። ለረጅም ጊዜ አልተነቃነቀችም። ልጁ ሞተች ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቅጠሉ ላይ በእጄ ውኃ አርከፈከፍኩላት። አንዱ ዓይኗ ተከፈተ። ቀጥሎ ጠብታውን ላሰች፤ ሌላም ላሰች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ጎኗ አረንጓዴ መሰለ። ከዚያ በዚያ በሚንቀጠቀጥ አካሄዷ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ ወደኋላ እያለች ገባች። ዓይናችንን ነቅለን ስንመልስ አጣናት።

ከሳምንት በኋላ ልጁ ሻጩን እዚያው አገኘው። ቀንድ እንደሌላት ነግሮ ብሩን ጠየቀ። ሻጩ አልተቆጣም። «ችግር የለም» አለው። «እስስቷን መልስና ብርህን ውሰድ።»